የዕረፍት ቀን በውኃ ዳር
(ገላጭ ድርሰት)

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች! ተራኪ ድርሰት «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ገላጭ ድርሰት ግን «ምን ይመስላል?» የሚለውን ይመልሳል። ገላጭ ድርሰት ጸሐፊው ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን፣ የቀመሰውንና የዳሰሰውን ነገር አንባቢው በዐይነ ሕሊናው እንዲያየው አድርጎ በቃላት የሚሥልበት የድርሰት ዓይነት ነው። ሠዓሊ በቀለም የሚሠራውን ገላጭ ጸሐፊ በቅጽልና በግሥ ይሠራል።

በዚህ ትምህርት የምትገልጹት በውኃ ዳር የሚውል አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ርእሱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ውኃ ዳር ውለው የማያውቁ ተማሪዎች ይህ ርእስ ሲሰጣቸው ከሌላ የሰሙትን ይጽፋሉ። «ሰማያዊው ባሕር»፣ «ወርቃማው አሸዋ»፣ «እንደ መስተዋት የጠራው ውኃ» የሚሉ ቃላት ከወረቀቱ ላይ ይደረደራሉ። ቃላቱ ያምራሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱም የጸሐፊው አይደለም።

«ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ምሳሌያዊ ንግግሩ ጥቂት ያየውን ሰው ለመንቀፍ የተነገረ ነው። በድርሰት ትምህርት ግን ምንጭን አይቶ ማመስገን ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዐባይን ሳያዩ ማመስገን ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወይም ከዋግ ኽምራ ገጠሮች ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ስለ ባሕር ጠረፍ ከሚያስመስል ይልቅ ከመንደሩ ሥር ስላለው ጅረት እውነቱን ቢጽፍ የተሻለ ድርሰት ይወጣዋል።

ለ. ውኃ ዳር መዋል በአገራችን

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር እስከ ሆነችበት ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያ በቀይ ባሕር ላይ ጠረፍ ነበራት። ከምፅዋ በስተሰሜን የሚገኘው የጉርጉሱም ዳርቻ በዚያ ዘመን የመዝናኛ ስፍራ ሆኖ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ውኃ ዳር ለመዋል የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ሐይቆች ነው። የባሕር ዳር ከተማ በጣና፣ ሐዋሳ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ፣ ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ በተፈጠሩት ሐይቆቿ ዳርቻ ጎብኚዎችን ያስተናግዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልብ በሉ። ጣና ሐይቅ ነው፤ ከተማዋ ግን «ባሕር ዳር» ትባላለች። በአማርኛ «ባሕር» የሚለው ቃል ጨዋማውን ውቅያኖስ ብቻ ሳይሆን ሰፊ የሆነን ሐይቅም ሲጠራበት ኖሯል። ስለዚህ «አንድ ቀን በባሕር ዳርቻ» የሚል ርእስ ቢሰጣችሁ ስለ ሐይቅ ብትጽፉ ከርእሱ ወጣችሁ አያሰኝም።

ለዋና ከሚመረጡት ሐይቆች መካከል ላንጋኖ በሰፊው የታወቀ ነው። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መንገዱ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂና በዝዋይ ወይም በባቱ ከተማ ያልፋል። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰቆጣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላንጋኖ በስተምዕራብ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ይገኛሉ። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምንባብ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው። ተራኪዋ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ወዳለው አጎቷ የሄደች የሰቆጣ ተማሪ እንደ ሆነች አስቡ። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

ሐ. ምንባብ፦ አንድ ቀን በላንጋኖ

ላንጋኖ ስንደርስ ፀሐይዋ ከግራር ዛፎቹ ራስ በላይ ወጥታ ነበር። ከመኪናው እንደ ወረድን መጀመሪያ የተቀበለን ሙቀቱ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ስንነሣ የለበስኩት ሹራብ ሸክም ሆነብኝ። ከግራሮቹ ሥር ያለው መሬት አቧራማ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ስንሄድ ግን እግራችን ሸካራ አሸዋ ረገጠ።

ከዚያ ውኃውን አየሁት። ሰማያዊ አልነበረም። ቀለሙ ወተት ጠብ ያለበት ሻይ ይመስላል፤ ቡናማ ነው፤ ፀሐይ ባረፈበት በኩል ደግሞ ቀላ ይላል። ለጥቂት ጊዜ ቅር አለኝ። «ይህ ጎርፍ ነው እንዴ?» ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት። እርሱም ሣቅ ብሎ፣ «አይ የኔ ልጅ፣ ጎርፍ አይደለም፤ ቀለሙ ነው። እጅግ የላመ አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው እንዲህ የሚታየው፤» አለኝ።

እስከ ጉልበቴ ድረስ ገባሁ። ውኃው ለብ ያለ ነው። ጎንበስ ብዬ ስመለከት የራሴን እግር ማየት አልቻልኩም፤ የአሸዋውን ልስላሴ ግን በውስጥ እግሬ ዐወቅሁት። በግራ በኩል ሕፃናት ኳስ ይወራወራሉ፤ ኳሱ ውኃውን በመታ ቁጥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። በቀኝ በኩል አንዲት እናት ነጠላቸውን ከወገባቸው ላይ አደግድገው የልጃቸውን እጅ ይዘው ቆመዋል። ራቅ ብሎ በወዲያኛው ማዶ የአርሲ ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ።

በቀትር የተጠበሰ ቆሮሶ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን በላን። የዓሣው ቆዳ ከጥርሳችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ሎሚው እጃችንን እስኪያቃጥለን ድረስ ጨመቅንበት። ከምሳ በኋላ ማንም ምንም አልሠራም። አጎቴ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። እኔም ዐይኔን ጨፍኜ የወፎቹን ድምፅ ስሰማ ቆየሁ። በአገራችን ዕረፍት ማለት ብዙ ጊዜ በዓል ነው፤ በዓል ደግሞ ለእናቴ ከዘወትሩ የበዛ ሥራ ነው። እናቴ እንዲህ ተቀምጣ አንድ ቀን ብትውል ምን ትል ይሆን እያልኩ አሰብኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሣ። ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፤ ማዕበሉም ነጭ አረፋ እየተፋ ዳሩን መምታት ጀመረ። እናቶች ልጆቻቸውን ጠሩ። እኛም ዕቃችንን ሰበሰብን። መኪናው ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ በጣቶቼ መካከል የቀረውን አሸዋ አራገፍኩት፤ ጥቂቱን ግን በወረቀት ጠቅልዬ ለእናቴ ያዝኩላት።

መ. ማብራሪያ

1. ሥርዓት። ጸሐፊዋ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ በጊዜ ቅደም ተከተል ገልጻለች። በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ግን የምትከተለው የቦታን ሥርዓት ነው። በሦስተኛው አንቀጽ መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ ግራና ቀኟን፣ በመጨረሻም የማዶውን ተራራ ታሳየናለች፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ ትሄዳለች ማለት ነው። አንባቢው የሚመለከትበት ቦታ ከጠፋው ሥዕሉ ይበተንበታል።

2. የስሜት ሕዋሳት። ዐይን ብቻውን ድርሰት አይጽፍም። በምንባቡ ውስጥ ሙቀትና ልስላሴ ይዳሰሳሉ፤ የኳሱ ድምፅ ይሰማል፤ ሎሚው እጅ ያቃጥላል። የውኃው ወለል በማይታይበት ቦታ ጸሐፊዋ በእግሯ ማየቷን ልብ በሉ።

3. እውነተኛነት። የምንባቡ ዋና ዐረፍተ ነገር «ሰማያዊ አልነበረም» የሚለው ነው። ጸሐፊዋ የጠበቀችውንና ያገኘችውን ለይታ ጻፈች። ሰማያዊ ብላ ብትጽፍ ኖሮ ላንጋኖን የሚያውቅ ሁሉ አለመሄዷን በዚያች አንዲት ቅጽል ያውቅባት ነበር።

4. የሐሳብ ክብደት። ስለ ዕረፍት የሚጻፍ ድርሰት «ደስ አለን» በሚል ቃል ብቻ ካለቀ አንባቢው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጸሐፊዋ እናቷን በማሰቧ ዕረፍት ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ አንባቢው እንዲያስብ አድርጋለች። ይህን ያደረገችው በሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስብከት አልጨመረችበትም።

ሠ. ሰዋስው፦ መጠንን የሚለኩ ግሦች

አማርኛ የአንድን ነገር መጠን ለመለካት የሚያገለግል ጥሩ መሣሪያ አለው። ግሡን በአጭሩ አስቀርቶ «አለ» ወይም «አደረገ» የሚለውን ረዳት ያስከትላል። በዚህ መንገድ የተሠራው ግሥ ድርጊቱ ወይም ጠባዩ በከፊል፣ በጥቂቱ ወይም በለዘብታ መሆኑን ያመለክታል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ሞቀ — ሞቅ አለ
ቀዘቀዘ — ቀዝቀዝ አለ
ደፈረሰ — ደፍረስ አለ
ደበዘዘ — ደብዘዝ አለ
ራቀ — ራቅ አለ
ጠለቀ — ጠለቅ አለ

«ውኃው ቀዝቅዟል» እና «ውኃው ቀዝቀዝ ብሏል» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ያንቀጠቅጣል፣ ሁለተኛው ያስደስታል። ግሡ ወደ ቅጽልነት ሲለወጥም ልዩነቱ አይጠፋም። «የደፈረሰ ውኃ» እና «ደፍረስ ያለ ውኃ»፣ «ጥልቅ ውኃ» እና «ጠለቅ ያለ ውኃ» ተብሎ ይለያል።

ነገር ግን «አለ» የተከተለው ግሥ ሁሉ መጠንን ይቀንሳል ማለት አይደለም። «ጸጥ አለ» እና «ዝም አለ» የሚሉት በዚህ መልክ ብቻ የሚነገሩ ስለ ሆኑ የሚነጻጸሩበት ሌላ ግሥ የላቸውም። በምንባቡ ውስጥ «ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ» ሲባል ጥቂት ብቻ ጸጥ ያለ ማለት አይደለም።

ስለ ጊዜም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። አንድ ቀን የታየ ነገር በኀላፊ ጊዜ ይጻፋል፤ «ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሣ» እንደ ተባለው። «ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ነፋስ ይነሣል» ብሎ ለመጻፍ ግን አንድ ቀን ውሎ መመለስ አይበቃም። አዘውታሪውን ግሥ የሚጠቀም ሰው አዘውትሮ ያየ መሆን አለበት።

ረ. ከላንጋኖ ወደ ተከዜ

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከሰቆጣ በስተሰሜን ምዕራብ የተከዜ ግድብ ይገኛል። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ወንዙን በያዘው ጊዜ ከኋላው በጥልቁ ሸለቆ ውስጥ ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ፤ ሐይቁም እስከ ዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች ድረስ ይዘልቃል። የአካባቢው ወጣቶችም ዓሣ ማስገርን ሙያ አድርገው ይዘውታል። ቀድሞ ወንዝ ብቻ ያውቅ የነበረ አገር ሐይቅ አገኘ። እንግዲህ የዋግ ተማሪ ስለ ሐይቅ ዳር ለመጻፍ የግድ ወደ ደቡብ መሄድ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ የሚከተለውን አንቀጽ ተመልከቱ።

«የተከዜ ሐይቅ ውኃው ሰማያዊና ጸጥ ያለ ነው። ዳርቻው ወርቃማ አሸዋ ነው። ውኃው ጠለቅ ያለ ስለ ሆነ ለዋና ይመቻል። ሕዝቡ ሁሉ ያለ ሥጋት ይዋኝበታል። እዚያ መዋል በጣም ደስ ይላል።»

ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ የፊደል ግድፈትም የለበትም። ሆኖም ይህ አንቀጽ መጥፎ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛ፣ የተከዜ ሐይቅ በሸለቆ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ስለ ሆነ ዳርቻው በአብዛኛው ገደላማ ነው። በላንጋኖ ዳር እስከ ጉልበት ገብቶ መቆም ይቻላል፤ በገደላማ ዳርቻ ግን ሁለተኛው እርምጃ መቆሚያ ላያገኝ ይችላል። «ጠለቅ ያለ» የሚለው ለዘብተኛ ቃል እዚህ ቦታ አይገባም፤ ቃሉ «ጥልቅ» ነው። ከላይ ያየነው የሰዋስው ልዩነት እንግዲህ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የግድብ ሐይቅ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ በአንድ ልክ አይቆይም። በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ውኃው ለኤሌክትሪክ እየተለቀቀ ይጎድላል። በጥር የታየው ዳርቻ በመስከረም ከውኃ በታች ይውላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቦታ የሚገልጽ ሰው ወሩን መጻፍ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ «ያለ ሥጋት» የሚለው ሐረግ ማስረጃ ይፈልጋል። ላንጋኖ ለዋና የተመረጠው ከብልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ብልሃርዚያ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚራባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፤ እጩ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃው ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ያልፋል። ስለ አንዱ ሐይቅ የተባለውን ወስዶ ለሌላው መስጠት አይገባም። የጤና ባለሙያ ያላረጋገጠውን ውኃ «ንጹሕ ነው» ብሎ መጻፍ ወንድምን ወደ በሽታ መምራት ነው። ከዚህም ሌላ በተከዜ ወንዝ አዞ እንደሚኖር የታወቀ ነው።

አራተኛ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ምንም አያሳይም። ደስታውን የፈጠረው ነገር ቢገለጽ ኖሮ «ደስ ይላል» ማለት ባላስፈለገም ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ።

«በጥር ወር ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት ሐይቁ በተራሮቹ መካከል እንደ ተጣለ መቀነት ተጠማዞ ተኝቷል። ውኃው ከዳር አረንጓዴ ቢጤ ነው፤ ወደ መካከሉ ግን ይጠቁራል። በክረምት የደረሰበት ቦታ በቋጥኙ ላይ ነጣ ያለ መሥመር ትቷል። ከሥር ሁለት ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እየጎተቱ ይነጋገራሉ፤ ድምፃቸው ከገደሉ ጋር ተላግቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ውኃው ጥልቅ ስለ ሆነ ማንም አልገባበትም። እኛም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የያዝነውን ቆሎ እየቆረጠምን እስከ ማታ ዋልን።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የዋና ነገር የለም፤ ዕረፍቱ ግን አለ። ጸሐፊው ወሩን፣ የቆመበትን ቦታ፣ የውኃውን ቀለምና የጥልቀቱን ልክ ጽፏል። ሐይቁን «እንደ ተጣለ መቀነት» ሲል ያነጻጸረው ከቤቱ በሚያውቀው ነገር ነው። ተነጻጻሪ ዘይቤ ጉልበት የሚያገኘው አንባቢው በእጁ ከዳሰሰው ነገር ሲነሣ ነው።

ሰ. ስለ ወንዝና ስለ ደራሽ ውኃ

በሰቆጣ ዙሪያ ያሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ዳር የሚውሉት በወንዝ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል በቋጥኞች መካከል የሚቀረው ኩሬ ልብስ ማጠቢያም፣ መታጠቢያም፣ መጫወቻም ይሆናል። ይህ ለገላጭ ድርሰት የተመቸ ርእስ ነው፤ የምታውቁት ነውና።

ነገር ግን የክረምቱን ወንዝ ስትገልጹ የማይታየውንም መግለጽ አለባችሁ። በደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ በተቀመጣችሁበት ቆላ ፀሐይ ሳለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ውኃው በድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ተንሳፎ ይመጣል፣ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ይሰማል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው በከንቱ አይደለም። የወንዙን ውበት ብቻ ጽፎ እነዚህን ምልክቶች የተወ ድርሰት ግማሽ ሥዕል ነው። የጻፋችሁትን የሚያነበው ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

ሸ. መልመጃ

መልመጃ 1። ከምንባቡ ውስጥ በ«አለ» የታገዙትን ግሦች አውጥታችሁ ጻፉ። መጠንን የሚቀንሱትንና የማይቀንሱትን ለዩ።

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ጥንዶች በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ የትርጉም ልዩነታቸውን አሳዩ።
ሀ. ነጭ — ነጣ ያለ
ለ. ጥልቅ — ጠለቅ ያለ
ሐ. ሞቃት — ሞቅ ያለ
መ. ሩቅ — ራቅ ያለ

መልመጃ 3። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች «ደስታን» በስሙ ይጠሩታል እንጂ አያሳዩትም። ቃሉን ሳትጠቀሙ ደስታው እንዲታይ አድርጋችሁ እንደገና ጻፏቸው።
ሀ. ልጆቹ ውኃው ውስጥ ገብተው በጣም ተደሰቱ።
ለ. ምሳው እጅግ አስደሳች ነበር።
ሐ. አያቴ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

መልመጃ 4። በምንባቡ መጨረሻ ጸሐፊዋ አሸዋውን ለእናቷ ይዛ ሄደች። ይህ ድርጊት በአራተኛው አንቀጽ ውስጥ ካለው ከየትኛው ሐሳብ ጋር ይያያዛል? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

መልመጃ 5። በአካባቢያችሁ ሰው ዐርፎ የሚውልበትን አንድ የውኃ ዳር ምረጡ፤ ወንዝ፣ ምንጭ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ከታላቅ ሰው ጋር ወደ ቦታው ሄዳችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ ያሸተታችሁትን በየተራ መዝግቡ። ከዚያም ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ወሩንና የተቀመጣችሁበትን ቦታ፣ በሁለተኛው ውኃውንና በዙሪያው ያለውን፣ በሦስተኛው እዚያ የሚያርፈውን ሰውና ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ነገር ግለጹ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ቦታውን የሚያውቀው ከሆነ ስሙን ሳትነግሩት በገለጻው ብቻ ይወቀው። ካላወቀው፣ ማንኛውንም ውኃ ሊገልጽ የሚችለውን ቃል ፈልጋችሁ ሰርዙ፤ በስፍራውም ያንን ውኃ ብቻ የሚገልጸውን ተኩበት።